«ና» ካልነው በኋላ

ሌሊቱን ተፈትቶ ያደረ የግቢ ውሻ ጠዋት ሰንሰለት ይዘው «ና!» ሲሉት ራቅ ብሎ ይቆማል። ጭራውን ዝቅ አድርጎ ይቆላል፣ ሁለት እርምጃ ይጠጋል፣ መልሶ ይሸሻል። ባለቤቱ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ውሻው ይበልጥ ይርቃል። በመጨረሻ ጥበቃውና ልጆቹ ተጋግዘው ጥግ ያስይዙትና ይታሰራል። ቀጥሎ «ይሄ ውሻ አልሰማ ብሏል» ይባላል። ውሻው ግን በደንብ ሰምቷል። «ና» ከተባለ በኋላ ቀኑን ሙሉ መታሰር እንደሚመጣ ያውቃል፤ በየማለዳው ሳናዛንፍ ያስተማርነው እኛው ነን።

ውሻ ማስተማር ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ትእዛዝ ነው፤ መጮህ፣ ጣት መቀሰር፣ ሲብስም ዱላ። ውሻ ግን ቃላችንን የሚተረጉመው ከቃሉ ቀጥሎ በሆነው ነገር ነው። ደስ የሚል ነገር ከተከተለ ይደግመዋል፣ የሚያስፈራ ነገር ከተከተለ ይሸሸዋል፣ ምንም ካልተከተለ ቀስ በቀስ ይተወዋል። ቤት ውስጥ ከውሻ ጋር የሚያጋጥመን ችግር አብዛኛው ሲፈተሽ እዚህ ላይ ይወድቃል። እኛ አንድ ነገር ልናስተምር ስናስብ ከቃላችን ቀጥሎ የሆነው ነገር ሌላ አስተምሮታል።

«ቀጥሎ» ስል አንድ ሰከንድ፣ ቢበዛ ሁለት ማለቴ ነው። ቡችላው ቁጭ ሲል ኪሳችሁን እየዳበሳችሁ ሦስት አራት ሰከንድ ካለፈ በዚህ መሃል ብድግ ብሏል፤ ሥጋውን ስትሰጡት የተከፈለው ለመነሳቱ ነው። «ቁጭ ይላል ግን አይቆይም» የሚባሉት ውሾች ብዙዎቹ እንዲህ የተማሩ ናቸው። መፍትሔው ጉርሻው እስኪደርስ ክፍተቱን የሚሞላ አንድ አጭር ድምፅ ማዘጋጀት ነው። ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ እ.ኤ.አ. በ1904 ኖቤል የተሸለመው በምግብ መፈጨት ላይ በሠራው ጥናት ቢሆንም፣ ስሙን ዓለም የያዘው ውሾቹ ምግብ ሊመጣ መሆኑን የሚያመለክት ነገር ገና ሲሰሙ ለሃጫቸው መውረዱን በመመርመሩ ነው። እኛም የምንጠቀመው ይህንኑ ነው።

ለምልክትነት «ጎበዝ!» ይበቃል፤ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቅላፄና አጭር ሆኖ ከተባለ ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ለልጆች «ጎበዝ» በሚባልበት ቤት ግን የእስክሪብቶ ቀጭታ ይሻላል። ጸጥ ባለ ክፍል ወይም በረንዳ ላይ ድምፁን አሰሙትና ወዲያው ጉርሻ ስጡት። ምንም እንዲሠራ አትጠይቁት። ከ15 እስከ 20 ጊዜ ደጋግሙ። ሌላ ቦታ እያየ ሳለ ድምፁን ሰምቶ አንገቱን ወደ እናንተ ካዞረ ገብቶታል።

ጉርሻው የሽምብራ ፍሬ ያክላል፤ ከዚያ ከበለጠ ውሻው ማኘኩ ላይ ይቆይና ሐሳቡ ይበተናል። የቀኑ ጉርሻ ሁሉ ተደምሮ ከዕለት ምግቡ ከአንድ አሥረኛ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ካለፈ ከእራቱ ቀንሱለት። ጨው ያልነካው ቅቅል ዶሮ፣ ቅቅል እንቁላል፣ ቅቅል ሥጋ ተቆራርጦ ይሆናል። ከሥጋ ቤት በርካሽ የሚገኘው ሳምባ ውሻ የሚሞትለት ነገር ነው፤ ነገር ግን ጥሬውን በፍጹም አትስጡ። የበግና የከብት ሳምባና ጉበት ውስጥ ውሃ የቋጠሩ የትል ከረጢቶች ይኖራሉ፤ ውሻ ሲበላቸው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ልጆች እጅና አፍ ይደርሳል። ሰው ላይ ከረጢቱ የሚበቅለው ጉበትና ሳንባ ላይ ነው፤ ሕክምናውም እስከ ቀዶ ጥገና ይሄዳል። በበዓል እርድ ቀን «ለውሻው ጣልለት» የሚባለውን ነገር በጣም የምፈራው ለዚህ ነው። ከረጢት የታየበትን ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ንጹሕ የመሰለውንም በትንንሹ ቆራርጣችሁ ውሃው ከፈላ በኋላ ከ30 ደቂቃ ላላነሰ ጊዜ ቀቅሉት። ወጥ የነካው እንጀራ ደግሞ ጉርሻ አይደለም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ቸኮሌት፣ ወይንና ዘቢብም አደገኛ ናቸው። የበሰለ አጥንት እንደ ስለት ተሰንጥቆ አንጀት ይበሳል።

ከመጀመራችሁ በፊት ቤተሰቡ በቃላት ይስማማ። አባት «ቁጭ በል»፣ ልጅ «ሲት»፣ ሠራተኛዋ «አርፈህ ተቀመጥ» የምትል ከሆነ ውሻው ሦስት ድምፅ ለአንድ ሥራ እየሰማ ነው። ውጭ አገር ባሉ ቤቶቻችን ይህ ይብሳል፤ ወላጅ በአማርኛ፣ ልጅ በእንግሊዝኛ ያዛሉ። የትኛውም ቋንቋ ይሆናል፤ አንድ ይሁን እንጂ። ሴት ውሻ ከሆነች «ነይ» ወይም «ና» ከሚሉት አንዱን መርጣችሁ ሁላችሁም እሱን ያዙ። አነሳሳቸው የሚመሳሰል ቃላትንም አታጣምሩ፤ «ቁጭ» ካላችሁ ከ«ቆይ» ይልቅ «ጠብቅ»፣ «ተው» ካላችሁ ከ«ተኛ» ይልቅ «ጋደም» ይሻላል። ዝርዝሩን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ፍሪጁ ላይ ለጥፉት። ቅላፄም ዋጋ አለው። ቡዳፔስት ያለው የኤትቨሽ ሎራንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ የአንጎላቸው ምስል በማሽን የተነሣ ውሾች ላይ የደስታው ክፍል ጎልቶ የተነቃቃው የምስጋና ቃል በምስጋና ቅላፄ ሲነገር ነበር። የምስጋና ቃል በደረቅ ድምፅ፣ ወይም ትርጉም የሌለው ቃል በሚያቆላምጥ ድምፅ ያንን አላደረገም።

«ቁጭ»ን ማስተማር ቀላሉ ነው። ጉርሻውን በጣቶቻችሁ ይዛችሁ አፍንጫው ላይ አስጠጉ፤ ከዚያ ቀስ እያላችሁ ከራሱ በላይ ወደ ኋላ ውሰዱት። አፍንጫው ወደ ላይ ሲከተል ቂጡ ወደ መሬት ይወርዳል። መሬት በነካባት ቅጽበት «ጎበዝ!» በሉና ስጡት። እጃችሁ በጣም ከፍ ካለ ይዘላል፤ ወደ ኋላ የሚሄድ ከሆነ ግድግዳ ጥግ ላይ ሞክሩ። አምስት ጊዜ ያህል በጉርሻ ከሠራችሁ በኋላ ያንኑ የእጅ እንቅስቃሴ በባዶ እጅ አድርጉና ጉርሻውን ከሌላው እጅ ስጡት፤ አለዚያ ሥጋ ካላየ የማይቀመጥ ውሻ ታሳድጋላችሁ። ቃሉ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። መጀመሪያ «ቁጭ»፣ አንድ ሰከንድ ጠብቃችሁ የእጅ ምልክቱ። ሁለቱን አንድ ላይ ካደረጋችሁ ውሻ ከጆሮው ይልቅ ዓይኑን ስለሚያምን እጁን ይይዝና ቃሉን ይተወዋል። መቀመጫውን በእጅ መጫን አያስፈልግም፤ ሲጫኑት የሚማረው መግፋትን ነው።

በአንድ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ቢቻል ከምግብ በፊት። ሳሎን የቻለው ውሻ ግቢ ውስጥ እንዳልተማረ ቢሆን አትናደዱበት፣ ለእሱ አዲስ ትምህርት ነው። የሚያከብዱ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ርቀት፣ የቆይታ ጊዜ እና ረብሻ። አንዱን ስትጨምሩ ሌሎቹን ቀንሱ። ሁለት ጊዜ በተከታታይ ካቃተው ወደ ኋላ አንድ ደረጃ ተመለሱ። ቃሉን አምስት ጊዜ መደጋገም ግን «ቁጭ» ማለት አምስተኛው ጥሪ ላይ የሚሠራ ነገር መሆኑን ያስተምረዋል።

ወደ «ና» ልመለስና ረዘም ላድርገው፣ ምክንያቱም የውሻን ሕይወት የሚያተርፈው ይህ ቃል ነው። የግቢው በር ተከፍቶ መንገድ ላይ ሚኒባስ እየመጣ ሳለ ውሻውን ከሞት የሚመልስ ሌላ ነገር የለንም። «ና» ከተባለ በኋላ ፈጽሞ መምጣት የሌለባቸው ነገሮች አሉ፤ ቁጣ፣ ሰንሰለት፣ መታጠብ፣ መርፌ። ማሰር ካለባችሁ ሄዳችሁ ያዙት። ለመታጠብም እንዲሁ። ጫማ አኝኮ ስታገኙት «ና እስቲ!» ብላችሁ ጠርታችሁ ከመታችሁት የተቀጣው ስለመጣ ነው። ከሃያ ደቂቃ በፊት የታኘከው ጫማ ከእሱ ሐሳብ ወጥቷል።

ቃሉ ቀድሞ ከተበላሸ አዲስ ቃል መምረጥ ይሻላል፤ «ወዲህ!» ሊሆን ይችላል። ሁለት ሰዎች በረንዳው ላይ አምስት ሜትር ያህል ተራርቃችሁ ቁጭ በሉ። አንዱ ስሙንና «ወዲህ»ን አንድ ጊዜ ይጥራ፣ ውሻው ፊቱን ባዞረ ቅጽበት «ጎበዝ!» ይበል፣ ሲደርስ ሦስት አራት ጉርሻ አንድ በአንድ ይስጠው። ከዚያ ሌላው ይጥራ። ቀጥሎ ግቢ ውስጥ፣ አሥር ሜትር በሚሆን ቀላል ገመድ። ገመዱ መጎተቻ አይደለም፤ ካልመጣ ወደ ሌላ ነገር እንዳይሄድ ብቻ ነው የሚይዘው። ካልመጣ ጥሪውን አትድገሙ፤ ቁጢጥ በሉ፣ ወደ ኋላ ሩጡ፣ መሬት ዳብሱ። ውሻ የሚሸሸውን ይከተላል፤ የሚያሳድደውን ግን ይሸሻል፤ ስለዚህ ከኋላው መሮጥ ከነገሮች ሁሉ የከፋው ነው። ሲደርስ የአንገቱን ቀበቶ በእጃችሁ ነካ አድርጉ፣ ጉርሻ ስጡ፣ ልቀቁት። እጅ ወደ አንገቱ መምጣቱ የነፃነቱ መጨረሻ መስሎ እንዳይታየው ይህች ነገር አትዘለል።

ማታ የሚፈታና ጠዋት የሚታሰር ውሻ ካላችሁ ደግሞ በእያንዳንዱ ምሽት ብዙ ጊዜ ጥሩት፣ አጉርሱት፣ መልሳችሁ ሂድ በሉት። ከአሥር ጥሪ ዘጠኙ ወደ ነፃነት የሚመልሰው ይሁን። ጠዋት የሚታሰርበት ቦታ ላይ ቁርሱን አስቀምጡና እየበላ እሰሩት። ቁርስ በማሰሪያው ቦታ ካልሆነ በቀር ሌላ የትም አይሰጥ። የሚቻል ከሆነ ግን አጭር ሰንሰለትን ተዉት። በግድግዳው ርዝመት ሽቦ ወጥሮ፣ ቀለበት አስገብቶ፣ ሁለት ሦስት ሜትር ማሰሪያ ማንጠልጠል ውሻው እንዲራመድ ያደርጋል። ታስሮ የሚውል ውሻ ጥሩ ጠባቂ ይሆናል የሚለው እምነት ብዙ ልጆችን አስነክሷል። ሲፈራ መሸሽ ስለማይችል የቀረው ምርጫ መንከስ ብቻ ነው።

ጩኸትም የሚማሩት ነገር ነው። በበሩ ክፍተት የሚያልፈውን ሰው አይቶ ይጮሃል፤ ሰውዬው መንገዱን እየሄደ ስለሆነ ያልፋል። ለውሻው ግን ጩኸቱ አባረረው። በቀን ሃምሳ ሰው ካለፈ ሃምሳ ጊዜ አሸንፏል። «ዝም በል!» ብሎ ከውስጥ መጮህ ለእሱ አብሮ መጮህ ነው። በመጀመሪያ የሚያይበትን ክፍተት በቆርቆሮ ወይም በሸራ ሸፍኑ። ቀጥሎ ሲጮህ አጠገቡ ሄዳችሁ፣ ጉርሻ አፍንጫው ላይ አድርጋችሁ ከበሩ አርቁት፣ ዝም ሲል «ጎበዝ!»። ከቀናት በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ጮሆ ወደ እናንተ መሮጥ ይጀምራል። ለጥበቃ የምንፈልገውም ይህንኑ ነው፤ እንዲነግረን እንጂ ቀኑን ሙሉ እንዲናደድ አይደለም።

ቡችላ ለመቀበል ካሰባችሁ ስምንት ሳምንት እስኪሞላው ከእናቱ አትለዩት። ነክሶ ጥርሱን ማላላትን የሚማረው ከወንድሞቹ ጋር ሲጫወት ነው። ከሦስተኛው ሳምንት እስከ አሥራ ሁለተኛው ወይም አሥራ አራተኛው ያለው ጊዜ በሌላ ጊዜ የማይተካ ነው፤ በደስታ ያያቸውን ነገሮች ካደገ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ አይፈራቸውም። ሕፃናት፣ ጃንጥላ የያዘ ሰው፣ ነጠላ የለበሰች ሴት፣ ሞተር ሳይክል፣ ርችት። ርችቱን ከስልክ ላይ በዝቅተኛ ድምፅ እያሰማችሁ አጉርሱት፣ በየቀኑ ጥቂት ከፍ አድርጉ። ክትባቱ እስኪያልቅ ብዙ ውሻ የሚውልበት መሬት ላይ አታስረግጡት፤ ታቅፎ ግን ሁሉን ማየት ይችላል።

ሽንት በተመለከተ ሒሳቡ ይህ ነው። የዕድሜው ወር ላይ አንድ ጨምሩ፤ በግምት ያን ያህል ሰዓት ቢይዝ ነው። የሁለት ወር ቡችላ ሦስት ሰዓት ማለት ነው፣ ነቅቶ ሲጫወት ደግሞ ከዚያ በጣም ያነሰ። ከእንቅልፍ እንደነቃ፣ ከበላ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ፣ ከጨዋታ በኋላ ወደ አንድ ቋሚ ቦታ ውሰዱት። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ከሆናችሁ ታቅፋችሁ ውረዱ፤ ደረጃው ላይ በእግሩ ካወረዳችሁት እዚያው ይለቀዋል። ጉርሻው እዚያው ቦታው ላይ እንደጨረሰ ይሰጥ። ቤት ከገባ በኋላ ከሰጣችሁት የተከፈለው ለመግባቱ ነው። ቤት ውስጥ ሲያመልጠው አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ማሸት የሚያስተምረው እናንተ ባላችሁበት አለመሽናትን ነው፤ ከዚያ ከሶፋ ጀርባ ይሸናል፣ ውጭም አብራችሁት ስትቆሙ ይይዛል። ምንጣፉ ላይ ሽታው ከቀረ ይመለስበታል። በረኪና ለእኛ ቢሸትም ለእሱ ሽንቱን አያጠፋለትም። አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅሎ አርሶ መተውና ማድረቅ ይረዳል። በረኪናና አቼቶን ግን በአንድ ላይ አትጠቀሙ፤ ሲገናኙ መርዛማ ጋዝ ይወጣቸዋል።

«ጥፋቱን ያውቃል፣ ፊቱን እዩት» የሚባለውስ? አሜሪካዊቷ ተመራማሪ አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት ይህን ፈትሻለች። ባለቤቱ ውሻውን ምግብ እንዳይበላ ከልክሎ ይወጣል፤ ሲመለስ «በልቷል» ወይም «አልበላም» ይባላል፣ አንዳንዴም ሐሰት ነው። ያ የጥፋተኛ ፊት የበዛው ባለቤቱ ሲቆጣ ነበር፤ ውሻው መብላት አለመብላቱ ለውጥ አላመጣም። ጆሮ ማጠፍ፣ ማጎንበስ፣ ዓይን መስበር ቁጣን ማብረጃ ነው።

የውሻን ንግግር ማንበብ ከማስተማሩ የማይተናነስ ግማሽ ነው። ጭራ መቁላት ሁልጊዜ ሰላም አይደለም። ወገቡ ጭምር እየተወዛወዘ፣ ሰውነቱ ላልቶ ሲቆላ ደስታ ነው። ጭራው ወደ ላይ ቀጥ ብሎ በትንሹ ሲንቀጠቀጥና አካሉ ሲደርቅ ግን ቅረቡ አላለም። ከመንከሱ በፊት ብዙ ይናገራል። ፊቱን ያዞራል፣ ምግብ ሳይኖር አፍንጫውን ይልሳል፣ እንቅልፍ ሳይመጣው ያዛጋል፣ የዓይኑ ነጭ በጎን ይታያል። ከዚያ ደርቆ ይቆማል፣ እስትንፋሱን ይይዛል። ከዚያ ያጉረመርማል። ሕፃን አንገቱን አቅፋ ፎቶ ስትነሳ ውሻው ፊቱን አዙሮ አፍንጫውን እየላሰ ከሆነ ፎቶው ያምር ይሆናል፤ ልጅቷን ግን አሁኑኑ አንሷት። ጆሮውና ጭራው የተቆረጠ ውሻ በጆሮና በጭራ የሚነገሩትን ምልክቶች በደንብ ማሳየት አይችልም፤ መቁረጡን የምቃወምበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሲያጉረመርም አትምቱት። ማጉረምረም «ተው፣ ልነክስ ነው» የሚለው ቃሉ ነው። ሲመታ ቃሉን ይተዋል፣ ፍርሃቱ ግን አብሮት ይኖራል፤ በሚቀጥለው ጊዜ በቀጥታ ይነክሳል፣ ሰዉም «ሳያስጠነቅቅ» ይላል። ሳህኑ ላይ የሚያጉረመርም ውሻን «ጌታው ማን እንደሆነ ይወቅ» ብሎ ምግቡን መንጠቅ ያባብሰዋል። ይልቅ የሚረጋጋበት ርቀት ላይ ቆማችሁ ከምግቡ የሚሻል ቁራጭ ሥጋ ወርውሩለትና ሂዱ። በየቀኑ ግማሽ እርምጃ ቅረቡ። ሰው መቅረቡ ተጨማሪ ሥጋ ማምጣቱን ሲያውቅ አንገቱ ይላላል። «ልቀቅ»ም በዚሁ መንገድ በልዋጭ ይማራል።

ይህ «ጌታው ማን ነው» የሚለው አስተሳሰብ ሥሩ የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪው ሩዶልፍ ሼንከል እ.ኤ.አ. በ1947 ስለተኩላዎች ካሳተመው ጥናት ይመዘዛል፤ የተመለከታቸው በአጥር የተያዙ ተኩላዎችን ነበር። ስለ መንጋ አለቃነት በመጻፍ ሐሳቡን ካስፋፉት አንዱ የሆነው አሜሪካዊው የተኩላ ተመራማሪ ዴቪድ ሜች ራሱ እ.ኤ.አ. በ1999 የዱር መንጋ እናትና አባት ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩበት ቤተሰብ መሆኑን ጽፎ አርሞታል። ውሻን መሬት ላይ ገልብጦ መያዝ የቀረው ከዚያ ከተተወ ሐሳብ ነው።

እንግዳ ሲመጣ «አይዞህ፣ አይነክስም» ብሎ ማስገባት የእኛ ልማድ ነው። እንግዳው ግን ምን ማድረግ እንዳለበት ንገሩት። ዓይኑን አፍጥጦ አይይ፣ ከላይ ጎንበስ ብሎ እጁን ከራሱ በላይ አይዘርጋ፣ ጎኑን ሰጥቶ ይቁም፣ ውሻው ራሱ መጥቶ ያሽትተው። ከሸሸ ይተወው። የሚዘል ውሻ ከሆነ አራቱም እግሮቹ መሬት ሲነኩ ብቻ ሰላምታ ያግኝ። በእጅ መግፋት ለእሱ ጨዋታ ነው።

የተማረ፣ ጠባዩ የታወቀ ውሻ በድንገት ሲለወጥ ትምህርቱን አቁሙ። ሲነኩት የሚያጉረመርም ከሆነ ጆሮው፣ ጥርሱ ወይም ወገቡ ታሞ ሊሆን ይችላል፤ የእንስሳት ሐኪም ይየው። ድምፁ ከተለወጠ፣ ለሃጩ ከተዝረከረከ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ያለ ምክንያት ከተናከሰ፣ ወይም ቁጡው ውሻ በድንገት ድንዝዝ ካለ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል አትንኩት፤ በር ዝጉበትና ሐኪም ጥሩ። የበሽታው የመጀመሪያ ክትባት በሦስት ወር ዕድሜ አካባቢ ይሰጣል፤ ከዓመት በኋላ ይደገማል፤ ከዚያም ሐኪሙ በሚለው ጊዜ። ውሻ የነከሰው ሰው፣ ውሻው የራሱ ቢሆንም፣ ቁስሉን በሚወርድ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ በላዩ ላይ ቅጠልም ሆነ በርበሬ አይደረግበት፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። የበሽታው ምልክት ሰው ላይ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በፊት በጊዜው የተወሰደ ክትባት ግን ያድናል።